ጾሙን አልነገርካቸውም

ውድ ወንድዬ፣

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ መጀመሪያ ጤና ይጠይቃል። እኔ አልጠይቅህም። እንደከፋህ ሰምቻለሁ። ቱሉ ዲምቱ ካለው ኮንዶሚኒየምህ ስትወጣ ሰው እንዳያይህ ኮፍያህን ዝቅ አድርገህ ታክሲ እንደምትጋፋ፣ ያ ነጭ ላንድክሩዘር ከእጅህ እንደወጣ፣ ስልክህም እንደ ድሮው እንደማይጮህ ነግረውኛል። ሰምቼ ደስ አለኝ። ደስ ማለቴን ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ተቆጡኝ። ተቆጥተውኝም ደስታዬ አልቀነሰም።

ለሚጠይቅህ ሰው ሁሉ «አቻምየለሽ በአንድ ቃል ምክንያት ነው እንጀራዬን የዘጋችው» ትላለህ አሉ። እውነትህን ነው፤ አንድ ቃል ናት። ስለዚያች ቃል ነው የምጽፍልህ።

አባዬ ለአንተ ማን እንደነበረ ልጀምር። አባትህ ሲሞቱ ገና ፊደል አልቆጠርክም ነበር። የወላጆች ቀን ሲሆን ከፋብሪካ አስፈቅዶ የሚመጣው፣ ከእኔ ክፍል ቀድሞ ያንተ ክፍል የሚገባው አባዬ ነው። ብስክሌት ያስተማረህም እሱ ነው። በባቡሩ ሐዲድ ዳር ኮርቻውን ይዞ አብሮህ ሲሮጥ፣ አንተ «ጋሼ፣ እንዳይለቁኝ!» እያልክ ስትጮህ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ያ የእርዳታ ድርጅት ሲቀጥርህ «ዋስ አምጣ» ሲልህ፣ ጡረታ የወጣው የሽመና ማሽን መካኒክ፣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተስፋሚካኤል ነው ሄዶ የፈረመልህ። እኔንም ቢሆን ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ሽማግሌ ልትልክብኝ ተነጋግረን ነበር። አባዬ ያውቅ ነበር። እንዳላወቀ ሆኖ ሳቁን ይውጠው ነበር እንጂ።

ከሰኔ በፊት ሁዳዴ መጣ።

ያን ቀን እኔ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው የዋልኩት፤ የሆነውን የሰማሁት ከአባዬ ነው። ወንዙ ዳር ባለችው መደቡ ላይ ጎንበስ ብሎ ጎመን ሲኮተኩት፣ ካሜራ የያዙ ሁለት ፈረንጆች አስከትለህ መጣህ። አባዬ ተደናገጠ።

«ቆይ ወንድዬ፣ እንግዳ ይዘህ መጥተህ እንዴት በዚህ በጨቀየ ቱታ እቆማለሁ? ኮቴን ልልበስ» አለህ።

«ኧረ ግዴለም ጋሼ፣ የሥራ ልብስ ክብር ነው። እንዲሁ ያምርብዎታል» አልከው።

አመነህ። ለምን አያምንህ?

አመሻሽ ላይ እህል ልንቀምስ ስንቀመጥ ፊቱ በርቶ ነበር። «ስለ ወንዙ ሁሉን ነገርኳቸው» አለኝ። «ከላይ ያሉት ፋብሪካዎች ቆሻሻቸውን ሳያጣሩ ይለቁብናል፣ ውሃው አትክልቴን አቃጠለው፣ እኛ ስንናገር የሚሰማን የለም፣ የእናንተ አገር ሰው ሲናገር ግን ይሰማልና ተናገሩልን አልኳቸው። እጃችን አልሰነፈም፣ ሠርተን መብላት እናውቃለን አልኳቸው።» ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ «ፈረንጅ ደግሞ ለካ ሰው አክባሪ ነው። ‹ዛሬ ቁርስ በልተዋል ወይ?› ብለው ጠየቁኝ እኮ። እንግዳ ሆኖ የባለቤቱን ቁርስ የሚጠይቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

አብሬው ሳቅሁ።

ግንቦት ላይ ድርጅትህ የከፈተውን የሕፃናት ማቆያ አዲስ አዳራሽ ስታስመርቅ ሰፈሩን ሁሉ ጠራህ። አባዬን ከፊት ወንበር አስቀመጥከው። ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱን እኔ አስሬለት ነው የመጣው። መብራቱ ጠፍቶ፣ ፈረንጆቹ የቀረጹት ፊልም ተከፍቶ ግድግዳው ላይ የአባዬ ፊት ሲወጣ ሰዉ አጨበጨበ፤ እትዬ አሰጋሽ፣ ያንተው እናት፣ እልልታቸውን አቀለጡት። ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም። እኔ አውቅ ነበር።

የአባዬ ድምፅ ከሥር ቀስ ብሎ ይሰማል። «ዛሬማ ጾም ነው፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» ይላል። ከላይ ያንተ እንግሊዝኛ ይመጣል። «ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።» በቃ። ከዚያ አባዬ እጁን ወደ ላይኛው ወንዝ እየጠቆመ ብዙ ይናገራል፤ ስለ ፋብሪካ፣ ስለ አትክልት፣ ስለ ሥራ። ያንተ ድምፅ ግን «የምንጠጣው ይህንን ነው። ማንም የለኝም። እርዱን» ብሎ ይጨርሰዋል። ከኋላ የሚያስለቅስ ሙዚቃ ገብቶበታል። ማንም የለኝም! እኔ ከአጠገቡ ተቀምጬ!

ዞሬ አየሁህ። አንተ ግድግዳውን ነበር የምታየው።

ወደ ቤት ስንሄድ አባዬ ሰው ሰላም እያለው፣ እጅ እየነሳ፣ ደስ ብሎት ይራመድ ነበር። በራችን ላይ ስንደርስ ቆመና፣ «ደህና አድርጎ ተርጉሞታል?» አለኝ። ዝም አልኩ። አባዬ የማሽን ድምፅ ሰምቶ የቱ ብሎን እንደላላ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ዝምታዬን ሰማው።

«ጾሙን ነገራቸው?» አለኝ።

«አልነገራቸውም አባዬ።»

ኮቱን አወለቀና ወንበሩ ላይ አንጠለጠለው። በኋላ፣ «እንግዲህ ሁዳዴዬን ሸጠዋ» አለ። ከዚያ በላይ ስላንተ ክፉ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ነገሩ እዚያ ቢቆም ኖሮ ምናልባት እኔም እንደ ሴት አልቅሼ፣ ተጣልቼህ፣ ታርቄህ ይቀር ነበር። ግን በቱታው የተነሳውን ፎቶ የግድግዳ ካላንደር ላይ አትመህ አቃቂ በሰቃ ላሉ ሱቆች ሁሉ አደልክ። አባዬ ሳሙና ሊገዛ ሲገባ የራሱ የተራበ ፊት ከባለ ሱቁ ጭንቅላት በላይ ያየዋል። ከዚያ ወሬው ተነሳ። «ጋሽ ተስፋሚካኤል ፊታቸውን በዶላር ሸጡ።» «ለድሃ ተብሎ የመጣውን ብቻቸውን በሉ።» በፊት ተነስቶ ያስቀምጠው የነበረ ሰው፣ «ጋሼ፣ ዶላሩ እንዴት ነው?» ይለው ጀመር። ቀልድ ነው ይላሉ። ቀልድ አልነበረም።

በእድሩ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው አቶ ጉተማ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ጋሽ ተስፋሚካኤል፣ አባላቱ ይጠይቃሉ። ከድርጅቱ የተሰጠዎት ነገር ካለ ይንገሩን» አሉት።

«የተሰጠኝ አንድ ብርድ ልብስ ነው። እሱንም ለዘበኛችን ሰጥቼዋለሁ» አለ አባዬ። «ካላመናችሁኝ ወንድዬ ይመስክር። ያሳደግኩት ልጅ ነው።»

ለዚህ ነው ቃሊቲ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለችው ካፌ የጠራሁህ። ማኪያቶህን በማንኪያ እያማሰልክ ዓይኔን አላይ አልክ።

«ጾም ነው ማለቱን ለምን አስቀረኸው?» አልኩህ።

«አቹ፣ ፊልሙ አጭር ነው። ስለ ጾም ማን ያብራራላቸዋል?»

«እርዱን ሲል የት ሰማኸው?»

«ሁሉም ሰው የሚለው ያው እርዱን ነው፤ ጋሼ በኩራት አዞረው እንጂ» አልክ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጠህ ቀና አልክ። «ፈረንጅ ደረትሽን ነፍተሽ ብትነግሪው ‹በርቺ› ብሎሽ ይሄዳል። ቦርሳውን የሚከፍተው ስታለቅሺለት ነው። በጋሼ ፊት ስንት ሕፃን ወተት እንደሚጠጣ ታውቂያለሽ? የዙለይኻን ልጅ ሉላን ማን ነው የሚያስተምራት? አንድ ሽማግሌ ትንሽ ቢያፍር ምን ይሆናል?»

ይህ ነገርህ ሁሉም ውሸት አልነበረም። ወተቱ እውነት ነው፤ ሉላም እውነት ናት። የበለጠ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ስንት ሕፃን ተሸክሞ የሚቆም ውርደት አባቴ ትከሻ ላይ ጭነህ፣ «ትንሽ» አልከው።

«እሺ። እሑድ እድሩ ፊት ቀርበህ አባዬ ምንም እንዳልወሰደ ተናገር። ሌላ ምንም አልልህም» አልኩህ።

«እመጣለሁ። እናቴ ትሙት» አልክ።

አልመጣህም። አባዬ ንግግሩን እያቋረጠ በሩን ያይ ነበር። ውጪ መኪና ባለፈ ቁጥር «እሱ ነው» ይላል። በመጨረሻ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ይቅርታ።» በሰንበት ስብሰባ! አነበብኩለት። አባዬ ተነሳ። የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «የሚጠረጠር ዳኛ ዳኛ አይባልም» ብሎ ወጣ። ማንም አልከለከለውም። ስንቱን የሰፈር ሰው በክብር ያስቀበረ ሰው፣ ብቻውን በፀሐይ ሲሄድ ከኋላው አየሁት። ጀርባው ያን ቀን ነው የጎበጠው።

ያን ቀን ነው እኔም የፈረድኩብህ።

አልጮህኩም። ሰኔ ሚካኤል መጣ፣ አለፈ፤ ሽማግሌህን አትላክ አልኩህ እንጂ ሌላ አልተናገርኩህም። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ሰላም ነህ?» እልህ ነበር። ሴት ዝም ስትል የበረደላት ይመስልሃል። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ። ጥር ላይ ረጂዎቹ ራሳቸው ሊጎበኙ እንደሚመጡ ሰማሁ። ሠራተኞችህ በየቤቱ እየዞሩ «የቤት ልብሳችሁን ለብሳችሁ ኑ፣ እንዳትሽቀረቀሩ» ሲሉ ሰማሁ። እግዚአብሔር በእጄ ጣለህ አልኩ።

እኔም ከኋላቸው ዞርኩ። «እንግዳ በአዘቦት ልብስ የሚቀበል ማነው? እናቶቻችን እንዲህ አሳዩን? የክታችሁን ልበሱ» አልኳቸው። ለአንዳንዶቹ ፊልሙ ውስጥ ምን እንዳልክ ነገርኳቸው። አቶ ጉተማ ሲሰሙ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ዙለይኻ ብቻ ናት እንቢ ያለችኝ። ከሱቋ ባንኮኒ ኋላ ሆና፣ «አቹ፣ እኔን ተይኝ። ልጄ በዚህ ነው የምትማረው። ወላሂ አልችልም» አለችኝ። ተውኳት።

ያን ቀን ከመኪናህ ስትወርድ ፊትህ እንዴት እንደሆነ እስካሁን ሳስበው ይጣፍጠኛል። ሴቶቹ ጥልፍ ቀሚሳቸውን፣ ወንዶቹ ሱፋቸውን ለብሰው ግቢውን ሞልተውታል። ሕፃናቱ ታጥበው፣ ጸጉራቸው ተሠርቶ ያበራሉ። ወደ እኔ ጠጋ ብለህ በጥርስህ መሃል፣ «ዛሬ የምን በዓል ነው?» አልከኝ።

«እንግዳ መቀበያ» አልኩህ።

ከእንግዶቹ መሃል አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ነበሩ፤ ካሪን ይባላሉ። ፊልሙን አይተው ከጡረታቸው እየቆረጡ ሲልኩ የኖሩ ሴት ናቸው። አባዬን ፈልገው ነው የመጡት። ታስታውሳለህ? ሁለት ጊዜ አጠገቡ ደርሰው አለፉት። ባለ ቱታውን ነበር የሚፈልጉት፤ ሱፍ ለባሹን ሽማግሌ ከየት ይወቁት? በመጨረሻ አንተው አስተዋወቅካቸው። የአባዬን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው በእንግሊዝኛ፣ «ያኔ ተርበው ሳይዎት እንቅልፍ አጣሁ። አሁንስ በየቀኑ ይበላሉ?» አሉት።

አንተ ወደ አባዬ ዞረህ፣ «ስለተደረገልዎት ነገር ምን ይሰማዎታል ነው የሚሉት። ያመስግኗቸው ጋሼ» አልከው።

«እንደዛ አላሉም» አልኩ።

የተናገሩትን ለሰዉ በአማርኛ ደገምኩት። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሬ በራሳቸው ቋንቋ፣ «እኔ ልጁ ነኝ። ማንም የለውም የተባልዎት ውሸት ነው። ያን ቀን የሁዳዴ ጾም ነበር። አባቴ ጾመኛ እንጂ ረሃብተኛ አልነበረም። ሲናገር የነበረው ስለ ወንዙ ነው» አልኳቸው።

«አቹ፣ ቁጭ በይ። ኋላ እንነጋገራለን» አልክ። «ጋሼ፣ ልጅዎን ይያዙልኝ።»

አባዬ አልያዘኝም።

ካሪን ከቦርሳቸው ውስጥ ጠርዙ የተሻሸ ፎቶ አወጡ። ፎቶውን አዩ፣ አባዬን አዩ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። «ታዲያ ያን ቀን ጾሙ ሲያበቃ ምን በሉ?»

ተረጎምኩለት። አባዬ ከረባቱን አስተካክሎ፣ «ሽሮ በጎመን። ጎመኑ የራሴ ነው» አለ።

ሰዉ ሳቀ። ለወራት ከአባዬ ኋላ ሆኖ ይስቅ የነበረ ሰፈር፣ ያን ቀን አብሮት ሳቀ። አሮጊቷም ስነግራቸው ሳቁና ሳቃቸው መሃል ላይ ወደ እንባ ዞረ። እንባቸውን ጠርገው ወደ አንተ ሲዞሩ ግን ፊታቸው ሌላ ነበር።

«ጾም እንደሆነ ታውቅ ነበር?» አሉህ።

«ትርጉም… ትርጉም ከባድ ነገር ነው…» አልክ።

«ታውቅ ነበር ወይ?»

መሬት መሬት አየህ። አልራራሁልህም። ያቺን ቅጽበት ከእጄ የሚወስድብኝ የለም፤ ሳረጅ እየቆረስኩ እበላታለሁ።

አባዬ ግን፣ «ሴትዮዋ ቆመዋል እኮ፣ ወንበር ስጧቸው» ነው ያለው። አረፍ ካሉ በኋላ ክንዳቸውን ደግፎ ወንዙ ዳር ወሰዳቸው። የተቃጠለውን መደብ አሳያቸው፤ ያንኑ ቃሉን ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመው፤ እኔም ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ ነገርኳቸው። የውሃው ሽታ አፍንጫቸውን አስያዛቸው። «በአገሬ ለሚሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ ይሰሙኝ አይሰሙኝ ግን አላውቅም» አሉ። ለአባዬ ይህ ቃል ከወተቱም ከብርድ ልብሱም በላጭ ሆኖ ታየው።

የቀረውን ታውቀዋለህ። አጣሪዎች መጡ። ከአባዬ ሌላም አፋቸውን የሰረቅካቸው ሰዎች ተገኙ፤ ያላሉትን ያስባልካቸው መበለቶች፣ እናት እያላቸው ወላጅ አልባ ያደረግካቸው ልጆች። ድርጅቱ ቅርንጫፉን ዘጋ፤ አንተም ተባረርክ።

ወተቱም ቆመ። ይህንን አልደብቅህም። ታክሲ ተራ ላይ ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ሰነበተ። ግማሹ «በልመና ከመጣ ወተት ውሃችን ይሻላል» ይላል። ግማሹ «ክብር ድስት ውስጥ አይገባም፤ ያቺ አስተማሪ በሕፃን ጉሮሮ ላይ ቆመች» ይላል። ዙለይኻ ፊት ለፊቴ ነው የነገረችኝ። «አንቺ አባትሽን አኮራሽ። የኔ ልጅ ግን ቤት ዋለች» አለችኝ። ሉላን ከሰዓት በኋላ እየመጣች ቤቴ ላስተምራት ብላት፣ «እሱንም ለኩራትሽ ነው» ብላ እንቢ አለችኝ። እስካሁን ሱቋ ስገባ ሌላ ሰው እንዲሸጥልኝ ትጠራለች። እውነቷን ነው። ግን ይህንንም በአንተ ላይ ነው የምጽፈው። የካሪን ወተት ደህና ወተት ነበር፤ የሰጡትም ከልባቸው ነው፤ የጠጡትም አላፈሩም። ከሰጪና ከተቀባይ መሃል ቆመህ የሁለቱንም ቋንቋ የመረዝከው አንተ ነህ።

ባለፈው እሑድ ደግሞ እድሩ ስላንተ ተሰበሰበ። አባዬን «ይቅር በሉን» ብለው፣ አቶ ጉተማ ጉልበቱ ላይ ወድቀው ወደ ወንበሩ መልሰውት ነበር። ያን ቀን የቀረበለት የመጀመሪያው ጉዳይ አንተ ሆንክ። «ወንድዬ ከእድሩ ይሰረዝ፤ የሰፈሩን ስም ሽጧል» አሉ። እጅ መቁጠር እንኳ አላስፈለገም፤ ያላነሳ አልነበረም። እኔም አንስቻለሁ። እናትህ ጥግ ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ድምፅ ሳያሰሙ ያለቅሱ ነበር።

አባዬ ሁሉን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እድር ሰውን የሚቀጣው ምን ብሎ ነው? አትቅበሩት ብሎ?» አለ። «እኔን በሕይወቴ አዋርዶኛል። እኔ ግን ሬሳውን አላዋርድም። ስሙ ይቆይ። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ።»

ስምህ ቆየ።

ወደ ቤት ስንሄድ ተናድጄ አላናገርኩትም። «አንቺ ያንቺን ጨርሰሻል አቹ፤ ይህ የኔ ድርሻ ነው» አለኝ። እትዬ አሰጋሽም ተከትለውን መጥተው፣ «ልጄ፣ አባትሽ ማረው። አንቺም ማርኩህ በይውና እንቅልፍ ይተኛ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቃል ግን አልሰጠኋቸውም። መልሴን ራሴ እጽፍለታለሁ አልኳቸው።

መልሴ ይህ ነው። አልማርኩህም። አባዬ የሰጠህን ይቅርታ ውሰደው፤ ከእኔ ምርቃት አትጠብቅ። እድሩ ይቀብርሃል፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ወጥ ልሠራ፣ ለቀስተኛ ላስተናግድ እመጣለሁ፤ የእናትህ ልጅ ነህና። ግን አትቸኩል። ረጅም ዕድሜ ይስጥህ ወንድዬ። በየወሩ መዋጮህን ልታስገባ ስትመጣ፣ አባዬ ከወንበሩ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ የሚጨብጥህ፣ «ደህና ነህ ልጄ?» የሚልህ፣ አንተም ቀና ብለህ ልታየው የማትችልበት ረጅም፣ ረጅም ዕድሜ።

አቻምየለሽ ተስፋሚካኤል
አቃቂ በሰቃ